የቤት ውስጥ በደልና የአካባቢ አስተዳደር በጂንካና በደቡብ ኦሞ፤ ከ1934 ዓ.ም. እስከ ዘመናችን

መግቢያ

ስለ ደቡብ ኦሞ የሚጻፈው ጽሑፍ አብዛኛውን ጊዜ ዓይን የሚስበውን ይከተላል። የሙርሲ ሴቶች የከንፈር ሸክላ፣ የሐመር ጎረምሳ የከብት ዝላይ፣ የካሮ ሰዎች የሰውነት ቅብ፣ እነዚህ ሁሉ በየመጽሐፉና በየፎቶግራፉ ታይተዋል። በዚያው አገር አንዲት ሴት በባልዋ እጅ ተደብድባ ስትጮኽ ጩኸቷን የሚሰማ ሹም ማን እንደ ነበረ፣ ምን ሥልጣን እንደ ነበረው፣ ለሥራውም ምን ገንዘብ እንደ ተመደበለት የጠየቀ ግን ጥቂት ነው። እኛ በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህን ጥያቄ ለመመርመር ተነሥተናል።

የምንደርስበትን አሳብ አስቀድመን እንናገር። ካለፉት 80 ዓመታት ወዲህ በኢትዮጵያ ሕጉ ብዙ ጊዜ ተለውጧል፤ የአጥቢያው ዳኛ ስምም ከሕጉ ጋር ተለውጧል። ነገር ግን ሕጉ በሚሄድበት ፍጥነት ገንዘቡ አልተከተለውም። ስለዚህ ሴቲቱ መብት አግኝታ ማደሪያ ያጣች፣ ዳኛ አግኝታ መንገድ ያጣች ሆናለች። ታሪኩን በዚህ መነጽር ስናየው የአካባቢ አስተዳደር ድርሻ ከመፍረድ ይልቅ ፍርድ የሚገኝበትን አገልግሎት በማቆም ላይ እንደሚመዘን እንረዳለን።

ስለ ቃሉም አንድ ነገር ማለት ይገባል። ዛሬ “የቤት ውስጥ ጥቃት” የምንለውን ነገር አባቶቻችን “የባልና የሚስት ጠብ” ይሉት ነበር። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ጠብ ሁለት ባለጉዳዮች አሉት፤ መጨረሻውም ዕርቅ ነው። ወንጀል ግን አንድ አጥፊና አንድ ተበዳይ አለው፤ መጨረሻውም ፍርድ ነው። በዚህ ላይ “ገመና” የሚባል ብርቱ ቃል አለን፤ የቤትን ነገር በአደባባይ ማውጣት ነውር ነው ይላል። የምንመረምረው ታሪክ ይህ ነገር ከጠብነት ወደ ወንጀልነት፣ ከገመናነትም ወደ አደባባይ ጉዳይነት በዝግታ የተሻገረበት ታሪክ ነው።

፩፤ አገሩና አስተዳደሩ

ጂንካ ከባሕር ጠለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በነሪ ወንዝ አጠገብ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከእርስዋ በስተሰሜን የአሪ ሕዝብ የሚያርሰው ደጋና ወይና ደጋ ይገኛል፤ ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ሲወርዱ በና፣ ፀማይ፣ ሐመር፣ ካሮ፣ ኛንጋቶም፣ ዳሰነች፣ ሙርሲ፣ ቦዲና ሌሎችም ከብት የሚያረቡበት ቆላ ይዘረጋል። በአካባቢው 16 ብሔረሰቦች እንደሚኖሩ ይነገራል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የያኔው የደቡብ ኦሞ ዞን ነዋሪ 573,435 ነበር፤ ከዚህ ውስጥ በከተማ የሚኖረው ከአሥር አንድ እንኳ አይሞላም።

አገሩ በማዕከላዊው መንግሥት ሥር የዋለው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ራስ ወልደ ጊዮርጊስ በ1890 ዓ.ም. ሠራዊታቸውን እየመሩ እስከ ሩዶልፍ ሐይቅ፣ ማለት እስከ ቱርካና ድረስ ዘልቀዋል። ከዚያ በኋላ በደጋው በባኮ የጦር ሰፈር ተተከለ፤ የአሪ ገበሬም ለሰፋሪው መለዮ ለባሽ ገባር ሆነ። ከጠላት ወረራ በኋላ ግዛቱ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ተባለ። በሣር ሜዳ ላይ የተሠራው የአውሮፕላን ማረፊያ ለረዥም ዘመን የጂንካ እምብርት ነበር፤ አስተዳደሩም ከባኮ ኮረብታ ወርዶ በዚያው ተደላደለ። በ1980 ዓ.ም. ግድም ደቡብ ኦሞ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ፤ ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም በደቡብ ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ክልል ውስጥ ዞን ተባለ። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲቋቋም አሪ ለብቻው ዞን ሆኖ ወጥቷል።

ይህን የምንዘረዝረው ለስሞቹ ስንል አይደለም። ሹሙ በተለወጠ ቁጥር ጉዳይዋን የጀመረች ሴት እንደ ገና ከመጀመሪያ ትጀምር ነበርና ነው።

፪፤ ከመንግሥት በፊት የነበረው ዳኝነት

መንግሥት ሳይመጣ ዳኝነት አልነበረም ማለት ስሕተት ነው። በሁሉም ዘንድ ሽማግሌ አለ፤ የሐመር ሰዎች ጎልማሳውን የጉባኤ ሰው “ዶንዛ” ይሉታል። በባልና ሚስት መካከል የሚነሣውን ነገር የሚመለከቱት እነዚህ ናቸው። ነገር ግን ሽምግልናው በምን ላይ እንደ ቆመ ማየት ያስፈልጋል።

የቆላው ጋብቻ በከብት የሚጸና ነው። በሙርሲ ዘንድ ለአንዲት ሙሽራ የሚሰጠው ጥሎሽ እንደ ደንቡ 38 ከብት እንደሆነ የአገሩን ባህል ያጠኑ ሰዎች ጽፈዋል። ይህ ከብት በአባትዋ በረት ብቻ አይቀርም፤ ለአጎት፣ ለወንድም፣ ለእናት ወገን ይከፋፈላል። የዚህ ልማድ ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ አንዲት ሴት የብዙ ሰው ጉዳይ ትሆናለች፤ ባል ከልክ ቢያልፍ የሚቆጣው ወገን ብዙ ነው። ጉዳቱም ከዚያው ከጥቅሙ ይወለዳል። ከብቱን ተካፍሎ የበላ ሁሉ ጋብቻው እንዳይፈርስ ይሻል። ተደብድባ ወደ አባትዋ ደጅ የመጣችውን ልጅ “ታገሺ፣ ተመለሺ” የሚላት ዘመድ ክፉ ሆኖ ብቻ አይደለም፤ የሚመልሰው ከብት ስለሌለው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ግድ ይላል። በሐመር ዘንድ ጎረምሳው ከብት በሚዘልበት በዓል የዘመዱ ልጃገረዶችና ሴቶች ማዝ በሚባሉት ወጣቶች በአርጩሜ ለመገረፍ ራሳቸው ይጠይቃሉ፤ ጠባሳውም ለወንድማቸው ያላቸው ፍቅር ምስክር፣ ወደ ፊትም ከእርሱ ርዳታ የሚጠይቁበት መታያ ነው። ይህ ሥርዓት ነው። ባል በቤቱ ሚስቱን የሚመታበት ነገር ግን ሌላ ነው። ዣን ሊዳልና ኢቮ ስትሬከር የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ በሐመር ኖረው ባጠኑት ጥናት፣ በተለይም ሊዳል ስለ ሴቶቹ በጻፈቻቸው ጽሑፎችና በሠራቻቸው ፊልሞች፣ የሐመር ሴቶች ስለ ባሎቻቸው በትር በራሳቸው አንደበት ሲናገሩ እንሰማለን። ሴቶቹ ሁሉን በዝምታ የሚቀበሉ አይደሉም፤ ይስቃሉ፣ ይከራከራሉ፣ በደሉን ይመዝናሉ። ጉብኚ ሁለቱን ነገሮች አደባልቆ “ባህላቸው ነው” ብሎ ሲያልፍ ግን ይህን የሴቶቹን ድምፅ ይሸፍነዋል።

በደጋው ኢትዮጵያም ቢሆን ነገሩ ከዚህ የራቀ አልነበረም። የተጣሉትን የሚያስታርቀው ሽማግሌና የነፍስ አባት ነው፤ የተመታች ሴት ወደ እናት አባትዋ ቤት ትኮበልላለች፤ ባልም ሽማግሌ ልኮ ያስመልሳታል። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ያለው የሲንቄ ሥርዓት ግን የተለየ ትምህርት ይሰጣል። እዚያ ያገባች ሴት ስትበደል ሴቶች በትራቸውን ይዘው ባንድነት ይወጣሉ፤ ካሣ ሳይከፈልና ይቅርታ ሳይጠየቅ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ይህም ባህል ሴትን የሚጠብቅ ኃይል ሊኖረው እንደሚችል የሚያሳይ ምሳሌ ነው።

፫፤ የአጥቢያ ዳኛውና የትምህርት ግብሩ

በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ደንብ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ከፈለ። ለእኛ ጉዳይ ግን የሚበልጠው በ1939 ዓ.ም. የወጣው የአጥቢያ ዳኞች አዋጅ ቁጥር 90 ነው። በዚህ አዋጅ የአጥቢያው ዳኛ እስከ 25 ብር የሚደርስ የፍትሐ ብሔር ክርክርና እስከ 15 ብር በሚደርስ መቀጮ የሚያልቅ ጥፋት እንዲያይ ሥልጣን ተሰጠው። ዋና ሥራውም ማስታረቅ ነበር።

ቁጥሩን ልብ ብለን እንየው። መንግሥት ለሕዝቡ እጅግ ቀርቦ ያስቀመጠው ዳኛ ሊቀጣ የሚችለው እስከ 15 ብር ብቻ ነው። ከዚህ የሚከብድ ነገር ወደ ወረዳና ወደ አውራጃ ይሄዳል። ጂንካ ለመድረስ ብዙ ቀን በእግር የምትጓዝ የቆላ ሴት እዚያ ስትደርስ የሚናገረው ሰው በአማርኛ ነው፤ አስተርጓሚ ያስፈልጋታል፤ የሚያሳድራትም የላትም። ስለዚህ በሕግ የነበረው በር በተግባር ለቆላው ሕዝብ የተዘጋ ያህል ነበር ብንል አልተሳሳትንም።

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሰውን መምታትን ወንጀል አድርጎታል፤ ሚስትን ከዚህ አላወጣም። ነገር ግን ቀላሉን የአካል ጉዳት የሚያስቀጣው ተበዳዩ ራሱ አቤት ሲል ነው። አንዲት ሴት የምትበላውን እህል የሚሰጣትን ሰው ራስዋ መክሰስ ነበረባት። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቁጥር 635 ባል የቤተ ሰቡ የበላይ መሆኑን፣ ሚስትም በሕግ በተፈቀደው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ደነገገ። በባልና ሚስት መካከል ለሚነሣው ክርክርም መጀመሪያ ዳኛ ያደረገው የቤተ ዘመድ የሽምግልና ዳኞችን ነው። እንግዲህ ዘመናዊው ሕግ የቀድሞውን ሽምግልና አልሻረውም፤ በወረቀት ላይ አጸናው እንጂ።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ገንዘቡም ለየጠቅላይ ግዛቱ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት እንዲውል ታሰበ። በ1950ዎቹ መግቢያ ደግሞ የጤና ግብር ተጨመረ። አሳቡ መልካም ነበር፤ የአካባቢው ሕዝብ የከፈለው ለአካባቢው ሕዝብ ይመለስ የሚል ነው። ችግሩ ግብሩ ከመሬት ጋር የተያያዘ መሆኑ ነው። መሬቱ ባልተለካበትና ሰዉ ከብቱን እየነዳ በሚኖርበት ቆላ ከመሬት የሚሰበሰበው ግብር ትንሽ ነበር፤ በ1946 ዓ.ም. የተጣለው የከብት ግብር ግን እዚያ ለሚኖረው ሰው አልቀረለትም። ከዚህ የምንገምተው አርብቶ አደሩ ግብር እየከፈለ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ግን ዘግይቶ እንደ ደረሰው ነው።

በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች ራሳቸውን በራሳቸው እንዲያስተዳድሩ ትእዛዝ ቁጥር 43 ወጥቶ ነበር። ትእዛዙ ትምህርትን፣ ጤናንና መንገድን የመሰሉ አገልግሎቶች በአውራጃው ምክር ቤትና በአውራጃው ገንዘብ እንዲመሩ ያሰበ ነው። ይሁን እንጂ የገንዘቡ ነገር በፓርላማው ስላልተፈጸመ በጥቂት አውራጃዎች ለሙከራ ከመታሰቡ አልፎ አልሄደም። አካባቢው ለራሱ ችግር ራሱ በጀት የሚመድብበት የመጀመሪያው ዕድል እንደዚህ አለፈ።

፬፤ ቀበሌና ፍርድ ሸንጎ

ከ1966 ዓ.ም. አብዮት በኋላ የመጣው ለውጥ ከላይ እስከ ታች ነበር። የገጠር መሬት አዋጅ በ1967 ዓ.ም. ወጣ፤ የገበሬ ማኅበራት ተቋቋሙ፤ በከተማም በዚያው ዓመት የቀበሌ ማኅበራት ተመሠረቱ። ማኅበራቱ የራሳቸው ፍርድ ሸንጎ ነበራቸው። በ1968 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 71 ደግሞ በገበሬ ማኅበራት ዙሪያ የሴቶች ማኅበር እንዲደራጅ መንገድ ከፈተ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር፣ በአጭሩ አኢሴማ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ቆመ።

የዚህን ዘመን ነገር በሁለት ወገን መመዘን ይገባል። በአንድ ወገን ዳኝነቱ በእግር ሊደረስበት በሚችል ሰፈር ውስጥ ገባ፤ የሸንጎው ዳኞችም ከሕዝቡ የተመረጡ ነበሩ። በጂንካ ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ጠዋት ተመትታ ከሰዓት በኋላ ቀበሌ መቆም ትችል ነበር። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሌላ ወገን ቀበሌው የሚያስታርቅ ብቻ ሳይሆን የሚያስር፣ ወጣቱን ለጦርነት የሚመለምል፣ ሰውን የሚያስፈራ ቤት ሆነ። ባልዋን ወደዚያ ቤት የምታስጠራ ሴት የምትፈራው ተጨማሪ ነገር ነበራት፤ “ተቀጥቶ ይመለስልኛል” ብላ የከሰሰችው ሰው ጭራሽ ላይመለስ ይችላል። የሴቶች ማኅበሩም የበላዩን መመሪያ ወደ ታች የሚያወርድ መሣሪያ እንጂ የታችኛውን ጩኸት ወደ ላይ የሚያደርስ አፍ ሊሆን አልቻለም። በቆላው ደግሞ የገበሬ ማኅበር የሚለው ስም ራሱ ለከብት አርቢው እንግዳ ነበር።

፭፤ አዲሱ ሕግና የወረዳው በጀት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ሕጉ ፈጽሞ ተለወጠ። በ1985 ዓ.ም. ማብቂያ ግድም የሴቶች ፖሊሲ ወጣ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶች ከወንዶች እኩል መብት እንዳላቸውና ከጎጂ ልማድ ሊጠበቁ እንደሚገባ ደነገገ። በአንቀጽ 34 ደግሞ የግልና የቤተ ሰብ ክርክር በሃይማኖት ወይም በባህል ሕግ ሊዳኝ እንደሚችል ፈቀደ፤ ይህ ግን በተከራካሪዎቹ ፈቃድ ብቻ ነው። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ የባልን የበላይነት ሽሮ የጋብቻን ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገ፤ የደቡብ ክልልም በ1996 ዓ.ም. የራሱን የቤተ ሰብ ሕግ በአዋጅ ቁጥር 75 አወጣ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን ማጥቃትን በስሙ ጠርቶ ጠቀሰ፤ ጠልፎ ያገባ ሰው በጋብቻው ምክንያት ከቅጣት የሚያመልጥበትን የቀድሞውን መንገድም ዘጋ። ይሁን እንጂ ቀላሉ የአካል ጉዳት አሁንም በአቤቱታ የሚያስቀጣ ሆኖ ቀርቷል፤ የመድፈር ወንጀልም የሚቆጠረው ከጋብቻ ውጭ ሲሆን ብቻ ነው።

የችግሩ ስፋት በቁጥር የታየውም በዚሁ ዘመን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተመው የብዙ አገሮች ጥናት በቡታጅራ አካባቢ ከተጠየቁት ባለትዳር ከነበሩ ሴቶች 71 በመቶ የሚሆኑት በሕይወታቸው በአንድ ወቅት በባላቸው ወይም በጓደኛቸው የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል፤ ይህም ጥናቱ ከተደረገባቸው ሥፍራዎች ሁሉ የበለጠው ቁጥር ነበር። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አግብተው ከሚያውቁ ሴቶች 34 በመቶው ከባላቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት እንደ ደረሰባቸው አሳየ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ሌላ ነው፤ ባል ሚስቱን ለመምታት በቂ ምክንያት ሊኖረው ይችላል ያሉት ሴቶች 63 በመቶ፣ ወንዶች ግን 28 በመቶ ናቸው። የአካል ወይም የወሲብ ጥቃት ከደረሰባቸው ሴቶች ርዳታ የጠየቁት ከአራቱ አንድ እንኳ አይሞሉም። ሴቶቹ ከወንዶቹ ይልቅ በትሩን ትክክል ነው ማለታቸው መምታቱን ስለሚወዱ አይመስለንም። ሌላ መውጫ ያላየ ሰው የሚኖርበትን ነገር ትክክል ነው ብሎ መቀበሉ የተለመደ ነው፤ መውጫውን የሚያሳየው ደግሞ አገልግሎት ነው።

ታዲያ አገልግሎቱ እንዴት ሆነ? ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ ክልሎች ለወረዳዎች ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ፤ ደቡብ ክልልም ከጀመሩት አንዱ ነው። ወረዳው ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለግብርና፣ ለውኃ፣ ለሴቶች ጉዳይ ገንዘቡን ራሱ እንዲያከፋፍል ተፈቀደለት። በ1958 ዓ.ም. ያመለጠው ዕድል ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ነገር ግን ከጥቅል በጀቱ ብዙው ክፍል የመምህራንና የሠራተኞች ደመወዝ ነው፤ ከደመወዝ የተረፈው ትንሽ ገንዘብ በየቢሮው ሲከፋፈል የሴቶች ጉዳይ ቢሮ ድርሻ አነስተኛ ይሆናል። ቢሮው ወንበርና ሠራተኛ አለው፤ መኪናና ማደሪያ ግን ማግኘት ይከብደዋል።

መንግሥት ያልደረሰበትን በጎ አድራጊ ማኅበራት ሊሞሉት ይችሉ ነበር። በዚህም በኩል መሰናክል ገጠመ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶች አዋጅ በመብት ጉዳይ የሚሠሩ ማኅበራት ከገቢያቸው ቢያንስ 90 በመቶውን ከአገር ውስጥ እንዲያገኙ አስገደደ። ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረው የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በዚህ ሕግ እጅግ ተዳከመ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ሕግ ቢተካም የጠፉት አሥር ዓመታት አልተመለሱም። የሴቶች ማረፊያ ቤቶችም የተከፈቱት በአብዛኛው በአዲስ አበባ፣ በአዳማና እነርሱን በመሰሉ ትላልቅ ከተሞች ነው።

፮፤ ከቱርሚ እስከ ጂንካ

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን በአሳብ አንዲት ሴት እንከተል። መኖሪያዋ በቱርሚ አጠገብ ነው፤ ባልዋ እጇን ሰብሯታል። በሕጉ መሠረት መብትዋ ሙሉ ነው። መጀመሪያ ለቀበሌዋ ታመለክታለች፤ ቀበሌው ወደ ፖሊስ ይልካታል፤ ፖሊሱ የሐኪም ማስረጃ ይጠይቃታል፤ ጤና ጣቢያው የተሰበረውን እጅ ለመጠገን ወደ ጂንካ ሆስፒታል ይልካታል። ከቱርሚ እስከ ጂንካ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የመኪና ዋጋ ያስፈልጋታል፤ ሕፃን ልጅ ካላት ልጁም አብሮ ይሄዳል፤ ጂንካ ከደረሰች በኋላ ለምግብና ለማደሪያ ገንዘብ ትሻለች፤ አማርኛ የማታውቅ ከሆነ አስተርጓሚ ትፈልጋለች፤ ፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ከሰጣት ደግሞ ይህ ሁሉ እንደ ገና ይደገማል።

ከእነዚህ ነገሮች አንዱም በሕግ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። ሁሉም በወረዳውና በዞኑ በጀት መዝገብ ውስጥ ሊገኙ የሚገባቸው ናቸው። መንገዱ በየትኛውም ቦታ ከተቋረጠ ሴቲቱ ወደ ሽማግሌው ትመለሳለች፤ ሽማግሌውም ወደ ባልዋ ይመልሳታል። ሰዎች ይህን አይተው “ሕዝቡ ባህሉን መረጠ” ሲሉ እንሰማለን። እኛ ግን መረጠ ለማለት ሁለት መንገድ ሊኖር ይገባል እንላለን።

የውጭውን ዓለም ምሳሌ ብንጠቅስ ነገሩን ያበራልናል። በእንግሊዝ አገር በለንደን፣ በቺዝዊክ፣ እ.ኤ.አ. በ1971 ለተደበደቡ ሴቶች የሚሆን ማረፊያ በግል ጥረት ተከፈተ። ስድስት ዓመት ቆይቶ በ1977 የወጣው የቤት አልባዎች ሕግ ጥቃት ፈርታ ከቤትዋ የወጣችን ሴት ማስጠለል የአካባቢው አስተዳደር ግዴታ እንዲሆን አደረገ። እዚያም የችግሩ መፍቻ የተጀመረው ማደሪያውን ማን ይስጥ፣ ገንዘቡን ማን ይክፈል ከሚለው ጥያቄ ነው።

፯፤ የካሮ ምሳሌ

በደቡብ ኦሞ ሽማግሌ፣ የተማረ ወጣትና የማኅበረሰብ አገልግሎት ባንድነት ሲሠሩ ልማድ እንደሚለወጥ የሚያሳይ አንድ ጥሩ ምሳሌ አለን። በካሮ፣ በሐመርና በበና ዘንድ የላይ ጥርሱ ቀድሞ የበቀለ ሕፃን ወይም ሥርዓቱ ሳይፈጸም የተወለደ ልጅ “ሚንጊ” ይባል ነበር፤ ለሕዝቡ መዓት ያመጣል ተብሎ ይታመንም ስለ ነበር በሕይወት እንዲኖር አይፈቀድለትም ነበር። ከካሮ የተወለደው ላሌ ላቡኮ ትምህርት ቤት ገብቶ ከተመለሰ በኋላ እነዚህን ልጆች ለማዳን ተነሣ፤ ለልጆቹም በጂንካ ማሳደጊያ ቤት ተቋቋመ። የካሮ ሽማግሌዎችም በሐምሌ 2004 ዓ.ም. ልማዱን መተዋቸውን በይፋ አስታወቁ።

ከዚህ ምሳሌ የምንማረው ቅደም ተከተሉን ነው። ሕፃን መግደል በሕግ የተከለከለ የነበረው ከዚያ ከብዙ ዘመን በፊት ነው፤ ክልከላው ብቻውን ልማዱን አላስቀረውም። ልጁን የሚቀበል ቤት ከተገኘ በኋላ ግን ወላጆች ሌላ መንገድ አዩ፤ ልጆቹ አድገው ምንም መዓት እንዳልመጣ ሲታይም ሽማግሌዎቹ በራሳቸው አንደበት ለመወሰን ቻሉ። ማደሪያው ቀደመ፤ የአሳብ ለውጥ ተከተለ። ለተደበደበች ሴት ይህ የማይሠራበት ምክንያት አይታየንም።

በዚህ ጽሑፍ ላይ በክፍል ስንወያይ አንድ ጓደኛችን “መንግሥት በሰው ጓዳ ከገባ ሽማግሌ ምን ይቀርለታል?” ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ባል ቢታሰር ከብቱን የሚጠብቅ፣ እርሻውን የሚያርስ ሊጠፋ ይችላል፤ ሴቲቱም ከከሰሰች በኋላ በአማቶችዋ መካከል መኖር ያቅታታል። ስለዚህ ሽማግሌው አያስፈልግም አንልም። የካሮ ነገር እንዳሳየው ሽማግሌው ያልተቀበለው ለውጥ ሥር አይሰድድም። የምንለው የሽምግልናው ወሰን ይታወቅ ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ለባህል ዳኝነት የተከራካሪዎችን ፈቃድ ጠይቋል፤ ሌላ መሄጃ የሌላት ሴት የምትሰጠው ቃል ደግሞ ፈቃድ ሊባል አይችልም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተናገርነውን ስንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ዳኛው ለሕዝቡ በቀረበ መጠን ሥልጣኑ ትንሽ ነበር፤ ሥልጣን ያለው ዳኛ ደግሞ ሩቅ ነበር። በደርግ ዘመን ዳኛው ቀረበ፤ ነገር ግን ተፈራ። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ሕጉ ተስተካከለ፤ በጀቱ ግን ከሕጉ ኋላ ቀረ። በሦስቱም ዘመን ሽማግሌው በቦታው ቆይቷል፤ የቆየውም ሌላ የተሻለ ነገር በአጠገቡ ስላልቆመ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። አንደኛ፣ ወረዳዎች በየዓመቱ በጀታቸው ውስጥ ለተጎዱ ሴቶች ጉዞ፣ ማደሪያና አስተርጓሚ የሚውል፣ ስሙ ተለይቶ የተጻፈ ገንዘብ ቢይዙ፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ መዝገብ ላይ መስፈሩ ሹሙን ተጠያቂ ያደርገዋል። ሁለተኛ፣ የአገር ሽማግሌዎች የሚያዩትን የቤት ውስጥ ጉዳይ ቀበሌው እንዲመዘግብ፣ በሸንጎውም ሴቶች ሽማግሌዎች እንዲቀመጡ ቢደረግ። ሦስተኛ፣ ለአርብቶ አደር ልጃገረዶች የሚከፈቱት የተማሪ ማደሪያዎች ቢጠናከሩ፤ አንብባ የምትጽፍ ሴት ለራስዋም ለእናትዋም አስተርጓሚ ትሆናለችና።

ለጥናት ወዳጆች የምናቀርበው አንድ ልመና አለ። በየወረዳው የቀድሞው የፍርድ ሸንጎና የማኅበራዊ ፍርድ ቤት መዝገብ በምስጥ ከመበላቱ በፊት ተሰብስቦ በጂንካ ዩኒቨርሲቲ ወይም በዚያው በሚገኘው የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከልና ሙዚየም ቢቀመጥ ብዙ ነገር ያስተምረናል። በማዕከሉ የሴቶቹ ጌጥና የቤት ዕቃ በክብር ተቀምጧል። አቤቱታቸውም ከጌጣቸው አጠገብ ሊቀመጥ የሚገባው ታሪክ ነው።